መብት በላይክ አይመጣም! ከጥቁር አሜሪካ ወጣቶች ያልተማርነው

ወገን፣ ይህን ጽሑፍ ላይክ አድርገህ ከማለፍህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው። ረዘም ይላል፤ ግን ስለ አንተ ነው። (በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በየኮመንቱ ስር የማይጠፋ አንድ ወሬ አለ። «ጥቁር አሜሪካዊ ሰነፍ ነው፤ ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት አልሠራ ያለ፤ ሥራው ማልቀስ ብቻ!» ይህን የሚጽፈው ነጭ ዘረኛ ቢሆን አይገርመንም ነበር። የሚጽፈው ግን የእኛው ልጅ ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የአድዋን ሥዕል የለጠፈ፣ ከስሙ ጎን ባንዲራ የደረደረ። ግማሹ ዋሽንግተን፣ አትላንታ ወይም ሚኒሶታ ተቀምጦ ይጽፋል። ግማሹ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ፣ ዲቪ ሞልቶ ውጤት እየጠበቀ ይጽፋል።

እስኪ አንድ ነገር እንጠይቅህ ወንድሜ። ያ ዲቪ ከሰማይ ወረደ እንዴ?

የምትገባበትን በር ማን ከፈተው?

በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለየሀገሩ ኮታ ያስቀምጥ ነበር። አብዛኛው ኮታ የሰሜንና የምዕራብ አውሮፓ ነበር። ለኢትዮጵያ የተመደበው ስንት ነው? በዓመት 100 ሰው። ለመላው ሀገር መቶ ሰው! ዛሬ አንድ ቀበሌ ውስጥ ዲቪ የሚሞላው ከዚያ ይበልጣል።

ያንን የኮታ ሕግ የጣለው ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የተፈረመው ሕግ ነው። ዲቪ ደግሞ በ1990 በወጣ ሕግ የመጣ ነው፤ በተከፈተ በር የገባ ማለት ነው። አሁን ቀኖቹን ልብ በል። የሲቪል መብቶች ሕግ የተፈረመው ጁላይ 2 ቀን 1964 ነው። የድምፅ መብት ሕግ ኦገስት 6 ቀን 1965። የኢሚግሬሽኑ ሕግ ከዚያ ሁለት ወር እንኳን በማይሞላ ጊዜ ተከተለ። እነዚህ ሦስት ሕጎች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው በዘሩ ማግለል ነውር ነው ከተባለ በኋላ፣ በር ላይ የቆመውን በትውልድ አገሩ ማግለል መከራከሪያ አጣ።

ታዲያ ያንን ዘመን ማን አመጣው? የፕሬዚዳንት ደግነት ነው የሚል ካለ ታሪክ አላነበበም። ያመጡት በአብዛኛው የ17፣ የ19፣ የ20 ዓመት ጥቁር ልጆች ናቸው። ሰነፍ የምትላቸው ሰዎች ልጆች!

እንዴት አመጡት? ዋናው ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም እኛ ትግል ማለት ቁጣ ይመስለናል። እነሱ ግን በቁጣ ብቻ አላሸነፉም። በስም ዝርዝር፣ በመዋጮ፣ በልምምድና በር በማንኳኳት ነው ያሸነፉት።

አራት ልጆችና አንድ ደረሰኝ

ፌብሯሪ 1 ቀን 1960። ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ። ኢዜል ብሌር፣ ዴቪድ ሪችመንድ፣ ፍራንክሊን ማኬይንና ጆሴፍ ማክኒል የሚባሉ አራት የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ዎልዎርዝ የሚባል ትልቅ ሱቅ ገቡ። ሱቁ ለጥቁር ዕቃ ይሸጣል። ምሳ የሚበላበት ባንኮኒ ላይ ግን ጥቁር አይቀመጥም።

ልጆቹ ምን አደረጉ? በመጀመሪያ ትናንሽ ዕቃ ገዙ። ደረሰኙን ያዙ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። «ጥቁር አናስተናግድም» ሲባሉ፣ «አሁን እዚያ ጋ አስተናግዳችሁናል፤ ይኸው ደረሰኙ» አሉ። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሱም።

አየህ ጥበቡን? አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ሱቁ ራሱ በሰጣቸው ወረቀት የሱቁን ውሸት አሳዩት። ይህ ደግሞ በድንገት የሆነ ነገር አይደለም፤ ዶርም ውስጥ ቁጭ ብለው ማታ ማታ የተከራከሩበት፣ ያቀዱት ነው።

በማግስቱ ከሃያ በላይ ሆነው መጡ። በሦስተኛው ቀን ከስልሳ በላይ። በአራተኛው ቀን ከሦስት መቶ በላይ። በሁለት ወር ውስጥ በ13 ግዛቶች 55 ከተሞች ውስጥ ወጣቶች ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጁላይ 25 ላይ የግሪንስቦሮው ዎልዎርዝ ተረታ። ስድስት ወር ሊሞላ ሲል ማለት ነው። ልብ በል፣ በስድስት ቀን አይደለም። ተማሪው ለክረምት ወደ ቤቱ ሲሄድ የከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወንበሩን ተረክበው ቀጠሉ።

እኛ ጋ አንድ ሀሽታግ ስድስት ቀን ከቆየ ጀግና ነው። ከዚያ ሌላ ወሬ ይመጣል፤ ፕሮፋይል ይቀየራል፤ ያ ሁሉ እሳት አመድ ይሆናል። እሳት አመድ ወለደ ይሉሃል ይሄ ነው!

ስድብ የሚለማመዱበት ክፍል

አሁን ወደ ናሽቪል እንሂድ፤ ቴኔሲ ግዛት ያለች ከተማ ናት። ጄምስ ላውሰን የሚባል የሥነ መለኮት ተማሪ ነበር። ሕንድ ሄዶ የጋንዲን ትግል አጥንቶ የተመለሰ ሰው ነው። ይህ ሰው የግሪንስቦሮ ልጆች ከመነሳታቸው ከወራት በፊት ጀምሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተማሪዎችን ያሰለጥን ነበር።

ስልጠናው ምን ነበር መሰለህ? መሰደብ! መገፋት! ግማሾቹ ነጭ ወሮበላ ሆነው ይሳደባሉ፣ ጭስ ፊት ላይ ያቦናሉ፣ ከወንበር ጎትተው ይጥላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ዝም ብለው መቀመጥን ይለማመዳሉ። ሲመቱ ጭንቅላታቸውን እንዴት እንደሚከልሉ፣ ጓደኛቸው ሲደበደብ እንዴት በሰውነታቸው እንደሚሸፍኑት ይለማመዳሉ። መታገስ ያልቻለ ባንኮኒው ላይ አይላክም፤ ለእሱ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። መኪና ይነዳል፣ ስልክ ይይዛል፣ ስም ይመዘግባል።

የሥነ ሥርዓት ደንብ ተጽፎ ተሰጣቸው። አትማታ፣ አትሳደብ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ፊትህ ወደ ባንኮኒው ይሁን። ይህን ደንብ ካዘጋጁት አንዱ ጆን ሉዊስ ነው፤ ያኔ ገና የ20 ዓመት ልጅ።

ፖሊስ መጥቶ የተቀመጡትን ሲያስር፣ በር ላይ የቆመው ቀጣይ ቡድን ገብቶ በባዶው ወንበር ይቀመጣል። እሱም ሲታሰር ሦስተኛው ይገባል። ፍርድ ቤት 50 ዶላር ቅጣት ሲፈርድባቸው፣ «ቅጣቱን ከፍለን ይህን ግፍ አንደግፍም» ብለው እስር ቤት ገቡ። ወላጆቻቸው ደግሞ ለፋሲካ ልብስ ከከተማው ሱቆች አንገዛም አሉ። ነጋዴው ኪሱ ሲነካ ጆሮው ተከፈተ።

ኤፕሪል 19 ቀን የተማሪዎቹ ጠበቃ ቤት በቦምብ ተመታ። በዚያው ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ከተማው ምክር ቤት ተጓዙ። ዳያን ናሽ የምትባል የ21 ዓመት ልጅ ከከንቲባው ፊት ቆማ፣ ሰውን በቀለሙ ብቻ መለየት ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ከንቲባው ሕዝብ ፊት ልክ አይደለም አለ። ሜይ 10 ቀን የናሽቪል ባንኮኒዎች ለጥቁሮች ተከፈቱ።

አሁን ራስህን ጠይቅ። በኮመንት አንዴ ከተሰደብክ ስንት ደቂቃ ትታገሳለህ? በሁለተኛው መስመር እናትን አንስተህ አይደል የምትመልሰው? እነዚህ ልጆች ፊታቸው ላይ ሲጋራ እያጠፉባቸው ዝም ማለትን የተለማመዱት ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ቁጣቸው የራሳቸው ንብረት እንዲሆን ነው። ጠላት ቁልፉን ሲጫን የሚነድ ሰው ወታደር አይባልም፤ ክብሪት ነው።

«መሪያችን ማነው?» የሚለው በሽታ

ኤፕሪል 1960 ላይ ተማሪዎቹ ራሊ ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ይባላል፤ በአጭሩ «ስኒክ»። የጠሯቸው ኤላ ቤከር የሚባሉ የ56 ዓመት እናት ናቸው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ወጣቶቹን እንደ ወጣት ክንፍ ሊጠቀልሏቸው ፈልገው ነበር። ኤላ ቤከር ግን ራሳችሁን ችላችሁ ቁሙ አሏቸው። የእሳቸው እምነት ግልጽ ነበር፤ ጠንካራ ሕዝብ አንድ ታላቅ መሪ እስኪመጣለት አይጠብቅም።

እኛስ? እኛ መሪ አናሳድግም፤ ሰው እናመልካለን። አንዱ ላይቭ ወጥቶ ሲጮህ ጀግናችን ነው። ጀግናው ቲክቶክ ላይ ስጦታ ሲሰበስብ፣ ሲያበላላን፣ ከዚያም ከሌላው ጀግና ጋር ሲጣላ፣ እኛ በሁለት ተከፍለን እንሰዳደባለን። በመጨረሻ ጀግናው ዝም ሲል ትግሉም ዝም ይላል። ይህ ትግል ነው ወይስ ድራማ?

ደግሞ የማይጮኸው ሥራ የማን እንደነበር ተመልከት። የሞንትጎመሪን የአውቶብስ አድማ ሲያነሳ ሁሉም ሰው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግንና ሮዛ ፓርክስን ይጠራል። ይገባቸዋል። ነገር ግን ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር በፊት፣ ማርች 2 ቀን 1955፣ ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ በዚያችው ከተማ ከወንበሬ አልነሳም ብላ ታስራለች። ከዚያም የአውቶብስ መለያየትን በፍርድ ቤት ካስፈረሰው ክስ አራት ከሳሾች አንዷ ሆና መስክራለች። ስሟን ታውቀዋለህ? አድማው እንዲጀመር ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሌሊቱን ሙሉ በማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዝታ አደረች። ሰው ሲነቃ ወረቀቱ በየትምህርት ቤቱና በየፀጉር ቤቱ ደርሶ ነበር።

አድማው 381 ቀን ቆየ። 381 ቀን! ሰው በእግሩ ሄደ። ወደ ሦስት መቶ መኪና ተሰባስቦ ሰው የሚያነሳበትና የሚያወርድበት ቦታ ተለይቶ፣ ላኪና ተቀባይ ተመድቦ ሥራው ተሠራ። ይህን ያህል መኪና ማሰማራት የታክሲ ተራ ማስከበር ነው፤ ፉከራ አያስከብረውም።

ሚሲሲፒ፦ ሰው የሚረሳው ክፍል

ትግል ማለት ሰልፍ የሚመስለው ሰው ሚሲሲፒን ይይ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሚሲሲፒ ውስጥ ለመምረጥ ዕድሜው ከደረሰ ጥቁር የተመዘገበው ወደ 6.7 በመቶ ብቻ ነበር። ለምን? ሕጉ «ጥቁር አይመርጥም» አይልም ነበር። ይልቁንም መዝጋቢው የግዛቱን ሕገ መንግሥት አንዱን አንቀጽ አውጥቶ «ይህን ተርጉም» ይላል። ትርጉሙ ልክ ነው አይደለም የሚለው ራሱ መዝጋቢው ነው። የተመዘገበው ሰው ስም ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ አሠሪው አይቶ ያባርረዋል። ግፍ ሁልጊዜ በዱላ አይመጣም፤ በፎርምም ይመጣል።

የስኒክ ልጆች ትምህርታቸውን አቋርጠው እዚያ ገጠር ገቡ። ደሞዛቸው በሳምንት 10 ዶላር ገደማ ነበር፤ እሱም ሲገኝ። ከገበሬው ጋር በሉ፣ ከገበሬው ጋር አደሩ። በር እያንኳኩ፣ በረንዳ ላይ እየተቀመጡ፣ አንድ አዛውንት ለማሳመን አሥር ጊዜ እየተመላለሱ ሠሩ። ወራት ሠርተው የሚያስመዘግቡት ሰው በጣት የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

ፋኒ ሉ ሄመር የሚባሉ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ በኦገስት 1962 ሊመዘገቡ ሄዱ። በዚያው ቀን ለ18 ዓመት ከሠሩበት እርሻ ተባረሩ። ወደኋላ አሉ? በሁለት ዓመት ውስጥ በቴሌቪዥን ፊት ቀርበው የሚሲሲፒን ግፍ ለመላው አሜሪካ የመሰከሩት እሳቸው ናቸው።

በ1964 ክረምት ከሰሜን የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ተጨመሩ። ከአርባ በላይ የነፃነት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ልጁም አያቱም አንድ ላይ ተማሩ። ጁን 21 ቀን ጄምስ ቼኒ የሚባል የ21 ዓመት የሚሲሲፒ ልጅ ከአንድሩ ጉድማንና ከማይክል ሽወርነር ጋር ተገደለ። ሬሳቸው ከግድብ አፈር ስር የተገኘው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሥራው ግን አልቆመም።

ማርች 7 ቀን 1965 ደግሞ አላባማ፣ ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ያ የናሽቪሉ ጆን ሉዊስ የራስ ቅሉ እስኪሰነጠቅ ተደበደበ። 25 ዓመቱ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ የድምፅ መብት ሕግ ወጣ። በ1967 ሚሲሲፒ ውስጥ የተመዘገበው ጥቁር ከ6.7 በመቶ ወደ 60 በመቶ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ ሰው እየመራ ያስገባው ግን ያ ለዓመታት በር ሲያንኳኳ የኖረ ወጣት ነው። ጆን ሉዊስም ከ1987 ጀምሮ በ2020 እስኪያርፍ ድረስ የኮንግረስ አባል ሆኖ ኖረ። የስኒክ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ማሪዮን ባሪ ደግሞ የእኛ ሰው የሞላባት የዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ሆነ።

እስኪ አሁን «ሰነፍ» በል!

«ያ ድሮ ነው፤ ዛሬ ስልክ አለ»

ይህን የሚል አይጠፋም። ስልክ ይሠራል፤ ማን ካደ? ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ አንገት ላይ ሲንበረከክ በስልኳ የቀረጸችው ዳርኔላ ፍሬዚየር የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ግን ቀርጻ ለጥፋ አልተኛችም። ፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች። ፖሊሱም በኤፕሪል 2021 ጥፋተኛ ተባለ።

በዚያው ሰሞን፣ ጁን 2 ቀን 2020፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ኢንስታግራም ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ለጠፈ። ምን ሆነ? ሰልፈኞች ስለ ሕክምና፣ ስለ ጠበቃ፣ ስለ ታሰሩ ሰዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ሀሽታግ በጥቁር ሥዕል ተጥለቀለቀ። አስተባባሪዎቹ «ኧረ እባካችሁ ተዉ!» ብለው እስኪለምኑ ድረስ። ያው ስልክ ነው። አንደኛው ማስረጃ ሆነ፤ ሌላው ማስረጃውን ቀበረ። ልዩነቱ ከስልኩ ኋላ ያለው ሰው ነው።

የእኛዎቹም ሠርተው አሳይተዋል

«እነሱ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ እኛ ሌላ ነን» ለሚለው ደግሞ ይኸው።

ጣሊያን ሀገራችንን ሲወር ለኢትዮጵያ ያለቀሰው፣ ገንዘብ ያዋጣው፣ ልዝመት ብሎ የተሰለፈው የሃርለምና የቺካጎ ጥቁር ነው። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ ድረስ መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ በረረ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ከማን ጋር ነው ያቋቋሙት? ከእነዚሁ ሰዎች ጋር። አባል መዘገቡ፣ ቅርንጫፍ ከፈቱ፣ ጋዜጣ አሳተሙ። ዶክተር መላኩ በ1940 በ40 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ቀለማችንን ሳይሆን ሥራችንን አንድ ያደረጉ ሰው ናቸው።

እስራኤል ያሉት ወገኖቻችንንም ተመልከት። በ1996 የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ እንደኖረ ሲታወቅ በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ወጡ። በ2015 ዳማስ ፓካዳ የሚባል ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ፤ ወጣቱ የቴል አቪቭን ራቢን አደባባይ ሞላው። መንግሥት በዘረኝነት ላይ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ በ2016 ሪፖርት እንዲወጣ ተገደደ። በ2019 ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሲሞት ሀገሪቱን በመንገድ መዝጋት አንቀጠቀጧት። ከሰልፉ ጀርባ ግን «ጠበቃ» የሚባል በራሳችን ቃል የተሰየመ የሕግ ድርጅት አላቸው፤ ሰልፉ ሲበተን ፋይል ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ። ትግላቸው አላለቀም፤ ግን ሰልፈኛው ሲገባ የሚቀር ነገር አላቸው።

እኛስ? ኖቬምበር 2021 «በቃ፣ ኖ ሞር» ብለን በየከተማው ወጣን። የሚያኮራ ነበር፤ ማንም አይክደውም። ግን ጃንዋሪ 2022 ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ያ ሁሉ ሺህ ሰው የወጣበት ሰልፍ ማግስት ስንት ከተማ ውስጥ የሰልፈኛው ስም ዝርዝር ተያዘ? ስንቱ ዜጋ የሆነ ለመምረጥ ተመዘገበ? ስንቱ የወረዳውን የኮንግረስ ተወካይ ስም ያውቃል? ሰልፍ ወጣን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ክትፎ በልተን ተበተንን።

እንደምንችል ደግሞ ምልክቱ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት ዛሬ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ፎርሞችን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። አማርኛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው ተናጋሪው ተቆጥሮ በመገኘቱ ነው። የተቆጠረ ሕዝብ ይሰማል፤ ያልተቆጠረ ይረገጣል።

«ሀገራችን አሜሪካ አይደለችም»

እውነት ነው፣ አይደለችም። ግን በ1961 ሚሲሲፒም «አሜሪካ» አልነበረችም። ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ጋዜጣውም፣ ባንኩም በአንድ ወገን ነበር። እኛ ሂድና ሙት አላልንህም፤ እናትህን አናስለቅስም። የምንልህ ሌላ ነው፤ መደራጀት ከፖለቲካ ሰልፍ አይጀምርም።

ደግሞ መደራጀትን ከፈረንጅ መማር የለብንም። አያትህን ጠይቃት። እድር ምን አለው? ስም ዝርዝር። ወርሃዊ መዋጮ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ቀብር ላይ የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሰው ሲሞት ማንም ሀሽታግ አይጽፍም፤ ጥሩምባ ይነፋል፣ በሰዓቱ ሁሉም ቦታው ላይ ይገኛል። እድር ላይክ አይቀበልም ወንድሜ! እድር የሚጠይቅህ «መጣህ ወይስ አልመጣህም? ከፈልክ ወይስ አልከፈልክም?» ነው። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች 381 ቀን የቆሙት እንደዚህ ባለ አደረጃጀት ነው። የእነሱ እድር ቤተ ክርስቲያናቸው ነበር።

አድዋስ ቢሆን? ፕሮፋይልህ ላይ የለጠፍከው አድዋ የአንድ ቀን ጀግንነት መሰለህ? ክተት የታወጀው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1888 ነው፤ ውጊያው የካቲት 23። በመሃል ያሉት ወራት ምን ነበሩ? በሶና ድርቆሽ፣ ጭነትና በቅሎ፣ ውኃና መንገድ። ጥይት ከመተኮሱ በፊት ስንቅ የቋጠረች እናት አለች። አንተ የምትወደው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ነው። ስንቁን የሚቋጥረውን ወር ማን ይሥራልህ?

እንግዲህ ሥራው ይኸው

1ኛ. አሥር ሰው። አሥር ሺህ ተከታይ አይደለም፣ አሥር ሰው። ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ የሚችሉትን ሥራ በደብተር ጻፍ። ስብሰባ ሁለቴ የቀረውን ምን ሆንክ ብለህ ቤቱ ድረስ ሂድ።

2ኛ. አንድ ጥያቄ። የግሪንስቦሮ ልጆች «ዘረኝነት ይውደም» ብለው አልጀመሩም፤ አንድ ባንኮኒ መርጠው ጀመሩ። አንተም የሰፈርህን የተበላሸ ውኃ፣ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት፣ የመንገዱን መብራት ምረጥ። የሚለካ፣ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም የሚባል ይሁን።

3ኛ. መዋጮ። ትንሽ ይሁን፣ ግን በየወሩ። ሂሳቡ በየወሩ ለሁሉም ይነበብ። ሂሳብ የማያሳይ «አክቲቪስት» ጋር አትሂድ፤ ማንም ይሁን ማን።

4ኛ. ልምምድ። ስብሰባ ላይ ሳትቆጣ መናገርን፣ ደብዳቤ መጻፍን፣ ደረሰኝ መያዝን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን ተለማመድ። ስድብ ሲመጣ ዝም ማለትን ጨምር።

5ኛ. ምዝገባ። ሀገር ቤት ከሆንክ የምርጫ ካርድ ውሰድ፣ የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ሂድና ተናገር። አሜሪካ ሆነህ ዜግነት ካገኘህ ለመምረጥ ተመዝገብ፤ ለፕሬዚዳንት ብቻ ሳይሆን ለከተማ ምክር ቤትና ለትምህርት ቦርድ ጭምር። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተህ ሌላውን አስመዝግብ።

6ኛ. ጎረቤትህ። አሜሪካ የምትኖር ከሆነ ያ የናቅከው ጥቁር ጎረቤትህ አያት ምናልባት ከእነዚያ ባንኮኒዎች በአንዱ ተቀምጣ ይሆናል። ሂድና ጠይቃት። ቡና አፍላላት። ሰፈሩ ውስጥ ሲሰበሰቡ አብረህ ተቀመጥ። ፖሊስ ሲያስቆምህ ኢትዮጵያዊ ነህ ወይስ ጥቁር አሜሪካዊ ብሎ አይጠይቅህም።

ውድ እህቶቻችን፣ ይህ ለእናንተም ነው። ዳያን ናሽ 21፣ ክላውዴት ኮልቪን 15፣ ዳርኔላ 17 ነበሩ። ቡና አቅራቢ ሁኑ አላልናችሁም፤ ሰብሳቢ ሁኑ።

የሰነፍ ቁጣ ጎረቤት ሳይሰማው ይበርዳል። የተደራጀ ቁጣ ግን ሕግ ይሆናል። በዚያ ሕግ ደግሞ ከሰው ልጅ መብት አልፎ የማያውቁህ አንተ እንኳን ገብተህበታል።

ይህን ፖስት ሼር ማድረግ ከፈለግህ አድርግ፤ አንከለክልህም። ግን ኮመንት ላይ «ትክክል!» ብለህ አትጻፍልን። የአሥር ሰው ደብተርህን ጀምር፤ ከዚያ የከተማህን ስምና የመረጥከውን አንድ ጥያቄ ጻፍልን። እኛም ከሦስት ወር በኋላ «ከምን ደረሰ?» ብለን እንጠይቅሃለን። ዝርዝሩን እንይዛለን!

ተደራጅ! ተመዝገብ! አዋጣ! ተገኝ!

ኢትዮጵያ በልጆቿ ሥራ ለዘላለም ትኑር!